የአባቴ ኮምፒውተር አልነሳ ያለ ሰሞን

ማብሪያውን ተጫንኩት። ሳጥኑ ውስጥ አንድ ነገር ጠቅ አለና ጸጥ አለ። እንደገና ተጫንኩት፤ አሁን ጠቅታውም የለም። ትዕግሥት ሲታደል እኔ አልነበርኩምና ሦስተኛውን በመዳፌ መታሁት።

«ኧረ ቀስ በይ፣ ዕቃ እኮ ነው!» አለች እናቴ ከማድ ቤት።

አባቴ ትራስ ተደግፎ ከአልጋው ላይ ያየኛል። ቀኝ እጁ አልታዘዝ ካለ ወዲህ ጭኑ ላይ እንዳስቀመጡት ይቀመጣል። በግራው ግን ወደ ኮምፒውተሩ ይጠቁማል። ሰሞኑን ከእንቅልፉ ከነቃበት ጀምሮ ሥራው ይኸው ነበር፤ መጠቆም። ምን እንደፈለገ ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልግም። የጻፈውን እንድከፍትለት ነው የፈለገው፤ ከፍቼ እንዳነብለት።

አባቴ ዕድሜውን በሙሉ ፍርድ ቤት ታይፒስት ነበር። አንዱ የመሰከረውን፣ ሌላው የካደውን፣ ዳኛው የወሰነውን ሲተይብ ኖሮ ጡረታ ወጣ። በወጣ ሰሞን «እስካሁን የሰው ቃል ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ አሁን የራሴን እጽፋለሁ» አለና ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶ መጣ። እናቴ የዳንቴል ልብስ ሠራችለት። መኝታ ቤት፣ ከአልጋው ጎን፣ ሳጥኑን በጎኑ አጋድሞ ስክሪኑን ላዩ ላይ አስቀመጠውና በየቀኑ ቢሮ እንደሚገባ ሰው ተላጭቶ ይቀመጥበት ጀመር።

የሚጽፈው ስለ አንድ ሰፈር ነው። የምንኖርበት የልደታ ኮንዶሚኒየም የቆመው በፈረሰ ሰፈር ላይ ነው፤ አባቴ ተወልዶ ያደገው እዚያ ነበር። ማን ከማን ጋር ግድግዳ እንደሚጋራ፣ የትኛው ግቢ ውስጥ ስንት ቤተሰብ እንደነበረ፣ ማንና ማን በቦይ ውኃ ተጣልተው ማን እንዳስታረቃቸው። እኔ የሰፈሩ ጭራ ላይ ነው የደረስኩት፤ እሱ የተወለደበት ቤት እኔ ከመምጣቴ በፊት ሌላ ሆኖ ነበር። እናቴ በጋብቻ የመጣች ናት። የእሱ እኩዮች ደግሞ ወይ አፈር ገብተዋል፣ ወይ ሰፈሩ ሲነሳ ከተማው ዳር ለዳር ተበትነው አድራሻቸው ጠፍቷል። ያን ሰፈር በሙሉ የያዘው አንድ የእሱ ጭንቅላትና ያ ሳጥን ብቻ ናቸው። አንድም ገጽ አሳይቶን አያውቅም። እናቴ «እስቲ አንዷን አንብብልኝ» ስትለው «ሊጥ ይበላል እንዴ? ሲጋገር ትቀምሺዋለሽ» ይላታል።

ኮፒ እናድርገው ብዬ ነዝንዤው ነበር። አይሆንም። አንድ ጊዜ ጎረቤት የሠርግ ፎቶ ላሳያችሁ ብሎ ፍላሽ ሰክቶበት፣ ቫይረስ ገባና የአባቴ ፋይሎች በሙሉ ስማቸው ብቻ ቀርቶ ሾርትከት ሆነው ቁጭ አሉ። በስንት ልፋት ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ፍላሽ የሚሰካባቸውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በቁስል ፕላስተር ለጠፋቸው። ኢንተርኔትም አይነካውም። «በሽታ በሰው ነው የሚገባው» ይለኛል። እኔም ሰልችቶኝ ተውኩት። ሰነፍ ስለሆንኩ ሳይሆን፣ አባቴን የሚያውቅ ሁሉ ይተወዋል።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ እየተየበ ሳለ ከወንበሩ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፤ አንደበቱም ሄደ። የሚባለውን ሁሉ ይሰማል፣ ይገባዋል፤ አዎና አይደለምን በራሱ ንቅናቄ ይመልሳል። መናገር ግን የለም። በግራው እስክሪብቶ ብንሰጠው ጭረት ብቻ ወጣ። የፊደል ገበታ ገዝቼ በጣቱ እንዲያሳየኝ ብሞክር፣ ጣቱ ከፊደል ፊደል ሲንከራተት ቆይቶ ገበታውን ገፋው። ቃሉ ውስጡ አለ፣ መውጫውን ነው ያጣው አለን ሐኪሙ። የአባቴን ድምፅ ዳግም የምንሰማ ከሆነ የምንሰማው ከዚያ ሳጥን እንደሆነ ያን ቀን ነው የገባኝ።

እናቴ ሐኪሙ ያለውን ሰማች፣ የራሷንም አልተወችም። «እዚህ ዕቃ ፊት ነው የተመታው፤ መጋኛ ነው» አለች። ኪዳን አድርሳ ስትመለስ በትንሽ ጀሪካን ጠበል ይዛ ትመጣለች። መጀመሪያ እሱን፣ ከዚያ አልጋውን፣ ከዚያ መስኮቱን ትረጫለች። አባቴ ዝም ብሎ ይረጫል። ፊቱን ስትጠርግለት እንኳ አይንቀሳቀስም።

አንድ ጠዋት ቢሮ ሳለሁ ደወለች። ትንፋሿ ተቆራርጧል።

«ጮኸ!» አለችኝ። «አባትሽ ጮኸ! ድምፁ ወጣ!»

የተመታው እዚህ ዕቃ ፊት ከሆነ ዕቃውም ጠበል ይገባዋል ብላ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ስታርከፈክፍ ነው አባቴ የጮኸው። ከወደቀ ጀምሮ ቃል ያልወጣው ሰው አጓራ፤ ግራ እጁን አወራጨ፤ ከአልጋው ሊወርድ ቃጣው። ጠበል የነካው ሰው ሲጮህ ምን ማለት እንደሆነ እኛ አገር ማንም ያውቃል። ያደረበት ነገር ተቃጠለ ማለት ነው። እኔ ከእናቴ ይልቅ ሐኪሙን የማምን ሰው ነኝ፤ ግን «ድምፁ ወጣ» ስትለኝ እንባዬ ኪቦርዱ ላይ ወረደ፣ የቢሮው ሰው ሁሉ እያየኝ። «ተመስገን» አልኳት። «አይዞሽ፣ እንዳታቋርጪ።»

አላቋረጠችም። በየጠዋቱ ኮምፒውተሩ ላይ ስታፈስ እሱ ይጮሃል፤ ሲጮህ ትጨምራለች። ዳንቴሉን በየቀኑ አጥባ ታሰጣዋለች። ከዕለታት አንድ ቀን ስታፈስ አልጮኸም፤ ዓይኑን ጨፈነ፣ በቃ። እናቴ «ለቀቀው» ብላ መሬት ሳመች። የሰማ ጎረቤት ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ አለን።

መጠቆም የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ለእኛ የመዳን ምልክት ነበር። ሥራው ትዝ አለው ተባባልን። ለዚህ ነው ያን ቅዳሜ ዳንቴሉን አንስቼ ማብሪያውን የተጫንኩት።

እንግዲህ ኮምፒውተር አልነሳ ሲል ሰው የሚያደርገውን ሁሉ አደረግሁ። መብራት አለ ወይ? አለ፤ አምፖሉ ይበራል። ዲቫይደሩ ይሆን? የስልኬን ቻርጀር ሰካሁበት፤ ይሠራል። ገመዱ ይሆን? ፊት ለፊታችን ያሉትን ሴትዮ በር አንኳኳሁ። ወሎዬ ናቸው፤ እንደ እናቴ የማያቸው።

«እትዬ፣ የሩዝ ማብሰያዎን ገመድ ቢያውሱኝ፤ የአባዬ ኮምፒውተር አልነሳ ብሎኝ ነው።»

«ውሰጂ ልጄ፣ ሩዙ ይደርሳል። አላህ አባትሽን ያሽርልሽ፤ ያን ነገሩን ይጨርስ እንጂ! ይሄ ብሎካችን የቆመበትንም ግቢ ጽፌዋለሁ ብሎኛል እኮ» አሉኝ፣ ገመዱን እየነቀሉ።

በሩዝ ማብሰያው ገመድም አልነሳም። አባቴ እያንዳንዱን እንቅስቃሴዬን በዓይኑ ይከተላል። «አይዞህ አባዬ፣ ቀላል ነገር ነው» እለዋለሁ፤ እሱ ግን ራሱን ግራና ቀኝ ይነቀንቃል። ያን ጊዜ «አትችይውም» የሚለኝ መስሎኝ ተናድጄ ነበር። ካቻቪቴ ፈልጌ አጣሁ፤ በሽንኩርት መክተፊያ ቢላ ጫፍ ብሎኖቹን ፈታሁና የጎኑን ክዳን አነሳሁ።

ውስጡ የነበረው አቧራ ጭቃ ሆኖ ደርቋል። ከአየር ማስገቢያው ቀዳዳ በታች፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚቀረውን የመሰለ ነጭ የውኃ ዱካ ወርዷል። ብሎኖቹ ዝገዋል። መብራት የሚያስገባው ፓወር ሰፕላይ ሥር ያለው ጥግ አሁንም እርጥብ ነው፤ ጣቴን ብሰድ ረጠበ። የተቃጠለ ሽታም አለው። እናቴ የምታርከፈክፈው ዳንቴሉ ላይ የሚቀር ጠብታ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ጣቴን እንደያዝኩ ወደ አባቴ ዞርኩ።

ሲጮህ የነበረው አጋንንት አልነበረም። አባቴ ራሱ ነበር። በየጠዋቱ ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመው ላይ ውኃ ሲፈስ እያየ፣ «ተዉ» የምትለዋን ቃል አጥቶ ነበር የሚጮኸው። በጮኸ ቁጥር እኛ «ተመስገን» እንላለን፣ ውኃው ይጨመራል። ኋላም ዝም ያለው ስለለቀቀው አይደለም። ተስፋ ቆርጦ ነው። አሁን ደግሞ ሲጠቁም የሰነበተው አንብቡልኝ ሳይሆን እዩት፣ ክፈቱትና እዩት፣ አድርቁት ሊለን ይሆናል። ማብሪያውን ስጫንስ? እርጥብ ዕቃ ላይ መብራት ስለቅበት አይደል ራሱን ሲነቀንቅ የነበረው? ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

«አይተህ ነበር፣ አይደል?» አልኩት በሹክሹክታ።

ራሱን ወደ ታች ነቀነቀ። አዎ።

እናቴ አጥሚት ይዛ ገባች። «ምን ሆነ አላችሁ?» አለች፣ ተከፍቶ የተዘረገፈውን ዕቃ እያየች።

አባቴ አየኝ። እኔም አየሁት። የዚያች ሴት እጅ ነው የሚያጎርሰው፣ የሚያገላብጠው፣ የሚያጥበው። እውነቱን ብትሰማ ያ እጅ ዳግመኛ ጠበል ቀርቶ አጥሚት የሚይዝ አይመስለኝም ነበር። እናቴን አውቃታለሁ፤ ሰባራ ብርጭቆ እንኳ ሳምንት ታለቅስለታለች።

«መብራት ነው እማዬ» አልኳት። «ሄዶ ሲመጣ በኃይል ይመጣ የለ፤ አቃጥሎት ነው።»

«አይ ይሄ መብራት! ማቀዝቀዣውንም አንዴ እንዲሁ አድርጎን አልነበር?» አለችና የአባቴን አገጭ ይዛ ማጉረስ ጀመረች። አባቴ ዋጠ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ራም የሚባለውን ትንሽ ሰሌዳ ነቅዬ በላጲስ ፈተግሁት፤ የፀጉር ማድረቂያዬን አምጥቼ እስኪግል ነፋሁበት፤ ክፍሉ በሙሉ የረጠበ አቧራ ሸተተ። በመስኮት በምትገባው ፀሐይ ላይ ክፍት አድርጌ አሰጣሁት፣ እንደ በርበሬ። የምጸልየውን እንኳ አላውቅም ነበር፤ ጠበሉን የሰጠውን ጌታ ጠበሉን አድርቅልኝ ተብሎ ይለመናል? ደርቆም አልነሳም።

ሰኞ ከቢሮ አስፈቅጄ፣ ሳጥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ጌጃ ሰፈር ወደሚገኝ ኮምፒውተር ጠጋኝ ወሰድኩት። ሱቁ በተፈታቱ ማሽኖች ስለተሞላ ደንበኛ የሚቆመው በር ላይ ነው። ጠጋኙ ጎልማሳ ነው፤ ሲሠራ ሬዲዮ ይሰማል፤ ሬዲዮውንም ይሳደባል።

«ውኃ ገብቶበታል እህቴ» አለኝ፣ ክዳኑን እንዳነሳ።

«ዝናብ ነው» አልኩ።

«ቤት ውስጥ?»

«መስኮት ተከፍቶ።» ውሸት አንዴ ከጀመሩት እንዴት እንደሚቀል ያን ሰሞን ተማርኩ።

ፓወር ሰፕላዩን ቀየረ። ማብሪያውን ሲነካው ፋኑ ዞረ! እንደ ሰካራም ወለም ዘለም አለና ዞረ። በሩ ላይ ቆሜ እንደ ሕፃን አጨበጨብኩ። ስክሪኑ በራ፤ ጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ መጣ። ጠጋኙ አላጨበጨበም። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ «ዲስኩን አያውቀውም» አለኝ።

ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ማሽን ላይ ሰካው። ጆሮውን አስጠጋበት። እኔም እንዳስጠጋ ሰጠኝ። ምንም ድምፅ የለውም፤ ድንጋይ ነው። ገልብጦ ሥሩ ያለውን አረንጓዴ ሰሌዳ አሳየኝ፤ አንድ ጥቁር ነጥብ አለበት፣ የተቃጠለ። እርጥበቱ ላይ ኃይል ሲለቀቅበት ነው አለኝ። ያ ጠቅታ ነበር፤ በራሴ ጣት። እንደሱ ያለ አሮጌ ዲስክ ፈልጎ ሰሌዳውን ለማቀያየር ሲሞክር ከሰዓቱን ጨረስን። ተሰክቶ ጥቂት ጊዜ ኳ ኳ አለ። ልቤ ከእሱ ጋር አብሮ ኳ ኳ አለ። ከዚያ ቆመ፤ ዳግም አልሞከረም።

«ባክአፕ የላችሁም?»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። «የለንም» አልኩት።

«ምን ነበረበት?»

ምን ልበለው? «ጽሑፍ» አልኩት።

«ጽሑፍ ከሆነ ደግ፤ እንደገና ይጻፋል። የልጆች ፎቶ የሚጠፋባቸው አሉ እኮ።»

ሊያጽናናኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ባውቅም ዘልዬ አንገቱን ባንቀው ደስ ባለኝ።

በማግሥቱ አብነት ሰፈር ያለ ሌላ ሱቅ ወሰድኩት። ያም ጆሮውን አስጠግቶ፣ ገልብጦ፣ ጥቁሩን ነጥብ አይቶ መለሰልኝ። ውጭ አገር ከእንዲህ ያለው ዲስክ ውስጥ የሚያወጡ አሉ ይባላል አለኝ። አሉ ይባላል፤ እኛ ስለማንደርስበት ነገር ሁሉ እንደምንለው። የጌጃ ሰፈሩ ጠጋኝ ጋ ተመልሼ ስሄድ ሳጥኑን ጠርጎ፣ ያገለገለ ሌላ ዲስክ አስገብቶ፣ ፕሮግራሞቹን ጭኖ ጠበቀኝ።

«ማሽኑ ግን ድኗል» አለኝ በኩራት።

«ምን ያደርግልኛል?» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰል፣ ሬዲዮውን ቀነሰ። ሰውዬው ምን በደለኝ? ይቅርታ ጠይቄው በብርድ ልብሱ ጠቀለልኩትና ወጣሁ። የሞተውን ዲስክ በቦርሳዬ ለብቻው ያዝኩት። መጣል አልሆነልኝም።

ለአባቴ እንዴት እንደምነግረው ደረጃውን ስወጣ እያሰብኩ ነበር። እናቴ ከቤት የምትወጣበትን ሰዓት ጠብቄ፣ እጁን ይዤ፣ ጠፍቷል እለዋለሁ። ግን ገና ከመንገድ ላይ ብርድ ልብሱን ያዩ ጎረቤት ሴትዮ ቀድመውኝ ለእናቴ ነግረዋት ኖሯል። በሩን ስከፍት እናቴ እልል አለች። አባቴን አልብሳ፣ አበጥራ፣ ወንበሩ ላይ አስቀምጣዋለች፤ እንዳይወድቅ በነጠላዋ ወገቡን ከመደገፊያው ጋር አስራዋለች። ሳጥኑን ከእጄ ተቀብላ ራሷ ቦታው ላይ አኖረችው።

«በይ ክፈቺለት» አለችኝ።

ሰካሁት። ማብሪያውን ተጫንኩት። ተነሳ፣ ያለ ምንም ችግር። የስክሪኑ ሰማያዊ ብርሃን የአባቴ ፊት ላይ ሲያርፍ ዓይኑ ሲሰፋ አየሁ፤ አምኖ ነበር። እኔ እንዳዳንኩለት አምኖ ነበር። መጻፊያውን ከፈትኩት። ነጭ ገጽ መጣ፤ እላዩ ላይ መስመሯ ብቻ ብልጭ ድርግም የምትል። አባቴ ገጹን ለረጅም ጊዜ አየው። እኔ ወደ ታች እንዳወርደው በዓይኑ ጠየቀኝ፤ አወረድኩት። ወደ ታችም ምንም አልነበረም።

እናቴ ከኋላችን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ካለችበት ሆና ስክሪኑ ላይ ያለ ፊደል አይታያትም፤ በመነጽርም ቢሆን። «በይ አንብቢልን» አለች። «ስንት ዘመን ሊጥ ነው ሲለኝ የኖረውን። ዛሬማ እሰማለሁ።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ አንገቱ እስከሚችልለት ድረስ ወደ እናቴ ዞረ። ተመልሶ ወደ እኔ ሲያይ ራሱን በቀስታ ወደ ታች ነቀነቀ። አንብቢላት ነው ያለኝ።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «የተወለድኩበት ቤት» አልኩ፣ ከባዶው ገጽ ላይ፣ «በሩ ወደ ዋናው መንገድ ነበር።»

አባቴ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

«ማለቴ... መስመር ዘልዬ ነው። በሩ ወደ ቧንቧው ነበር።»

ነቀነቀ። አይደለም።

«ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነበር።»

አይደለም። ልቡ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል፤ ፊቱ ላይ እያየሁት ነው፤ በሩን፣ ከበሩ ፊት ያለውን፣ ከዚያ የሚመጣውን ሰው ሁሉ። እኔ ደግሞ ከመንገድ፣ ከቧንቧና ከቤተ ክርስቲያን ሌላ የማውቀው የለኝም። ሦስቱን ስጨርስ እውቀቴ አለቀ። ግራ እጁን አነሳና በመስኮቱ በኩል ጠቆመኝ። አየሁ። የፊት ለፊቱ ብሎክ ነው፤ የተሰጣ ልብስ፣ የሳተላይት ሳህን። ጣቱ ከዚያ ያለፈ ቦታ ነው የሚያሳየኝ፣ ወይ ከዚያ የወረደ፣ መሬት ውስጥ።

«እዚያ ጋ ምን ነበር አባዬ?» አልኩት፣ ራሴን መግታት አቅቶኝ።

አፉ ተከፈተ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ።

«ምነው?» አለች እናቴ ከኋላችን። «እዚያ ላይ አልተጻፈም እንዴ?»

«ተጽፏል እማዬ» አልኳት።

አባቴ እጁን አወረደ።